ለ130 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ምን ዓይነት አይፒስ ይገዛ? አንድ ጥያቄና 19 መልሶች

የመነሻው ጥያቄ የቀረበው በኅዳር 2018 ዓ.ም. ነው። ጠያቂው በአዲስ አበባ ኮተቤ አካባቢ የሚኖር ሲሆን፣ እህቱ ከሜሪላንድ ያመጣችለት ባለመስታወት ቴሌስኮፕ አለው። የዋናው መስታወት ስፋት 130 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ (መስታወቱ ብርሃኑን እስከሚሰበስብበት ነጥብ ያለው ርቀት) 650 ሚሊሜትር ነው፤ ቱቦው ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥና በእጅ በሚዞር የእንጨት መቆሚያ ላይ ያርፋል። ከሣጥኑ ውስጥ የወጡት አይፒሶች፣ ማለትም ዓይን ተጠግቶ የሚያይባቸው ተቀያያሪ ሌንሶች፣ ሁለት ናቸው፤ አንዱ 25 ሚሊሜትር፣ ሌላው 10 ሚሊሜትር። በ10 ሚሊሜትሩ ወደ ጁፒተር ሲመለከት አራቱን ትልልቅ ጨረቃዎች ለይቶ ቢያይም፣ ፕላኔቱ ራሱ ግን ትንሽና ደብዛዛ ነጭ ክብ ሆኖበታል። እህቱ ለገና ተመልሳ ስለምትመጣ፣ እስከ 100 ዶላር በሚደርስ ገንዘብ ምን ይዛለት ብትመጣ እንደሚሻል ጠየቀ።

ሦስት አማራጮች ይዞ ነበር የመጣው። የመጀመሪያው በርካታ አይፒሶችን፣ አንድ ባርሎው ሌንስን (ከአይፒሱ በፊት ገብቶ ማጉላቱን የሚያበዛ ሌንስ) እና ባለቀለም ማጣሪያዎችን በአንድነት የያዘ ሙሉ ሣጥን ነው። ሁለተኛው ከ8 እስከ 24 ሚሊሜትር የሚለዋወጥ ዙም አይፒስ ነው። ሦስተኛው፣ ልቡ ያዘነበለበት፣ ባለ 4 ሚሊሜትር አይፒስ ከሦስት እጥፍ ባርሎው ጋር ሲሆን፣ ይህ ጥምረት ወደ 490 እጥፍ ያጎላል። በአንድ ወዳጁ ቤት ያለ ትንሽ ቴሌስኮፕ በካርቶኑ ላይ 525 እጥፍ እንደሚያጎላ ተጽፎበት ሳለ፣ የእርሱ ትልቅ መስታወት ከዚያ የሚያንስበት ምክንያት አልታየውም።

1ኛው መልስ የመጣው በባሕር ዳር ፊዚክስ ከሚያስተምሩ መምህርት ነው። ሰላምታ አቅርበው፣ ጠያቂው የቴሌስኮፑን መጠን በትክክል በመግለጹ አመስግነው፣ ማጉላት የሚሰላው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት ለአይፒሱ የትኩረት ርቀት በማካፈል እንደሆነ አስረዱ፤ በዚህ መሠረት 25 ሚሊሜትሩ 26 እጥፍ፣ 10 ሚሊሜትሩ 65 እጥፍ ያጎላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ነገር በእኔ ግምት የውይይቱ ሁሉ ምሰሶ ነው። አይፒስ ሲመረጥ በቅድሚያ ሊታይ የሚገባው የማጉላቱ ቁጥር ሳይሆን፣ ከአይፒሱ ወጥቶ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ዓምድ ስፋት ነው አሉ። ይህ ስፋት የሚገኘው የመስታወቱን ስፋት ለማጉላቱ በማካፈል ነው፤ በ26 እጥፍ 5 ሚሊሜትር፣ በ65 እጥፍ 2 ሚሊሜትር፣ በ130 እጥፍ 1 ሚሊሜትር ይሆናል። ጠያቂው በተመኘው 490 እጥፍ ዓምዱ ከ0.3 ሚሊሜትር በታች ይቀጥናል፤ በዚያን ጊዜ ምስሉ ከመጨለሙ በላይ፣ በገዛ ዓይናችን ውስጥ የሚንሳፈፉት ጥቃቅን ነገሮች ጥላቸው በፕላኔቱ ላይ መታየት ይጀምራል። ለፕላኔት ከ1 እስከ 1.3 ሚሊሜትር የሚሆን ዓምድ ጥሩ መነሻ ነው፤ በዚህ ቴሌስኮፕ ይህን የሚሰጠው ከ5 እስከ 6.5 ሚሊሜትር ያለ አይፒስ ነው ብለው ደመደሙ።

2ኛው መልስ ሰጪ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሲሆን፣ አጭርና ቆጣ ያለ ጽሑፍ ነበር የጻፈው። አንድ ቴሌስኮፕ የሚችለው ከፍተኛ ማጉላት ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ስፋት ሁለት እጥፍ እንደሆነ፣ ለ130 ሚሊሜትርም 260 እጥፍ ጣሪያው እንደሆነ ገለጸ። ከዚያ በላይ ማጉላት የአንድ ሰው ወጥ ለአሥር ሰው እንጀራ ላይ እንደማዳረስ ነው፤ ሰፊ ይሆናል እንጂ አይጣፍጥም አለ። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው 525 የሚለው ቁጥር ደግሞ ከየት እንደሚመጣ በስሌት አሳየ፦ 60 ሚሊሜትር ስፋትና 700 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ቱቦ ባለ 4 ሚሊሜትር አይፒስና ሦስት እጥፍ ባርሎው ሲገጠምለት 525 ይመጣል፤ የዚያ መሣሪያ ትክክለኛ ጣሪያ ግን 120 ነው። በስሌቱ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበር። ጠያቂውን ግን እንደ ሞኝ መናገሩ አልተገባውም፤ ቁጥሩን የጻፈው ሻጭ እንጂ አንባቢው አይደለም።

3ኛው ተሳታፊ የ2ኛውን ሕግ ተቀብሎ በሁለት ነጥብ አሻሻለው። 260 የመስታወቱ ጣሪያ ይሁን እንጂ፣ በአብዛኞቹ ሌሊቶች የሚወስነው መስታወቱ ሳይሆን ከበላያችን ያለው አየር ነው፤ አየሩ ሲናወጥ ከ100 ወይም ከ150 እጥፍ በላይ የሚታየው ነገር የሚንቀጠቀጥ ምስል ብቻ ነው። ቀጥሎ ግን አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ የረጋ ነውና ጠያቂው እስከ 260 ሊሄድ ይችላል አለ።

ይህችን ሁለተኛዋን ነጥብ ከስቶክሆልም የጻፈች እህት በ4ኛው መልስ አረመቻት፤ እርማቷም በጥንቃቄ የተሠራ ነበር። ከፍታ የሚሰጠው የአየር ጥራት ነው፤ ደካማ ኮከቦች ይበልጥ ይታያሉ። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ሲተከሉም፣ ከፍታው ከሰጣቸው ጥቅም አንዱ ይኸው ነው። የአየር እርጋታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ኮንክሪትና የቆርቆሮ ጣሪያ ከመሸ በኋላ ለሰዓታት ሙቀት ይለቃል፤ ያ ሙቀት ወደ ላይ ሲወጣ በከፍታ የምትገኝ ከተማም ሆነች በባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ምስሉን እኩል ያናውጠዋል። ስለዚህ ጠያቂው ከተቻለው ከሰገነት ወርዶ ሣር ወይም አፈር ላይ ይቁም፣ ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ከሚያይ ይልቅ ወደ አናቱ አቅጣጫ ይመልከት፣ ቱቦውንም ከማየቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀድሞ ውጭ አስቀምጦ ያቀዝቅዘው አለች። የአዲስ አበባ እውነተኛ ዕድል የኬክሮስዋ 9 ዲግሪ መሆን ነው፤ ፕላኔቶች ሁልጊዜ ወደ አናት ተጠግተው ያልፋሉ። በዚያ ኅዳር ሳተርን በስቶክሆልም ሰማይ ከአድማስ 30 ዲግሪ እንኳ አይደርስም ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን ከ75 ዲግሪ በላይ ይወጣ ነበር። ለአየር እርጋታ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

5ኛው መልስ ወደ ጠያቂው ቅሬታ ተመለሰ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ያነበብኩት እርሱን ነው። ጁፒተር ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ከፀሐይ በተቃራኒ ሲቆም የክቡ ስፋት ወደ 46 ቅስት ሰከንድ ይደርሳል፤ አንድ ቅስት ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። በዓይን የምትታየው ጨረቃ ደግሞ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ጁፒተርን በ40 እጥፍ ብቻ ማጉላት በዓይን እንደምትታየው ጨረቃ ያህል ያደርገዋል ማለት ነው፤ ጠያቂው ባለው 65 እጥፍማ ከጨረቃ ከአንድ ተኩል ጊዜ በላይ ሰፍቶ መታየት አለበት። ትንሽ የመሰለው በዙሪያው ያለው ሰፊ ጨለማ የሚወዳደር ነገር ስላላስቀረለት ነው። እንግዲህ ጥያቄው እንዴት ላስፋው ሳይሆን፣ በዚህ ስፋት መታየት የሚገባቸው ሁለት ጥቁር መቀነቶች ለምን አልታዩም የሚለው መሆን ነበረበት። ይህ አቅጣጫ በኋላ ሁሉንም ነገር የፈታ ነው፤ በወቅቱ ግን ማንም አላነሣውም፣ ምክንያቱም ወዲያው የሣጥኑ ክርክር ተጀመረ።

ከዱባይ የጻፈው 6ኛው ተሳታፊ ሙሉ ሣጥኑ እንዲገዛ አጥብቆ መከረ። አይፒሶቹን አንድ በአንድ መግዛት ውድ እንደሆነ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ዛሬ ያልመጣ ዕቃ ለሌላ ጊዜ እንደማይገኝ፣ ስለዚህ በአንድ ጉዞ ሁሉንም ማስመጣት ብልህነት እንደሆነ አስረዳ። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ፕሎስል የሚባሉት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1860 የቪየናው ጌኦርግ ሲሞን ፕሎስል ያወጣው ንድፍ ሲሆን እስከ ዛሬ የሚሠራበት መሆኑ ጥራቱን ያሳያል አለ።

7ኛው ይህን አልታገሠም። ለ6ኛው በቀጥታ በመመለስ፣ ሣጥኑን የሚያወድስ ሰው በእነዚያ አይፒሶች ሁሉ ተመልክቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ። ዝርዝሩ ግን ከንግግሩ የተሻለ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ካሉት መካከል 32 ሚሊሜትሩ በዚህ ቴሌስኮፕ 6.4 ሚሊሜትር የሚሰፋ የብርሃን ዓምድ ይሰጣል፤ ዕድሜው የገፋ ሰው የዓይን ብሌን ያን ያህል ስለማይከፈት ብርሃኑ በከፊል ይባክናል፣ በከተማ መብራት ሥር ደግሞ ሰማዩ ግራጫ ይሆናል። ትንንሾቹ 6 እና 4 ሚሊሜትር ፕሎስሎች ዓይን ሌንሱን ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ መጠጋት ይጠይቃሉ፤ በፕሎስል ዓይን የሚቆምበት ርቀት ከአይፒሱ የትኩረት ርቀት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነውና፣ ለ4 ሚሊሜትሩ ወደ 3 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የዓይን ሽፋሽፍት ራሱ ሌንሱን ያቆሽሸዋል። ባለቀለም ማጣሪያዎቹ ደግሞ በዚህ መጠን ባለ መስታወት ላይ ብርሃን ከመቀነስ የዘለለ ጥቅም እምብዛም አይሰጡም። ከሣጥኑ ውስጥ በተግባር የሚያገለግሉት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው አለ። እኔም እስማማለሁ፤ 100 ዶላር ለብዙ መካከለኛ ሌንሶች ከሚበተን ለአንድ ወይም ለሁለት ጥሩ ሌንሶች ቢውል ሰው በየሌሊቱ ይጠቀምበታል።

መነጽር የሚያደርጉ አንድ አዛውንት በ8ኛው መልስ ገቡ። ጉዳዩን ከሌላ ወገን አዩት፤ ለጠያቂው ብቻ ሳይሆን በግቢው ለሚመለከቱት ወላጆቹም አስበው ነው የጻፉት። ቅርብ ወይም ሩቅ ብቻ የማያይ ሰው መነጽሩን አውልቆ የቴሌስኮፑን ትኩረት በማስተካከል በደንብ ማየት ይችላል። አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለመጉበጥ) ያለበት ሰው ግን በትኩረት ማስተካከያው አይድንም፤ መነጽሩን እንዳደረገ ማየት ካስፈለገው ዓይን ከሌንሱ ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ርቆ የሚቆምበት አይፒስ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ የመምህርቷን የብርሃን ዓምድ ትምህርት አነሡ፤ ዓምዱ በቀጠነ ቁጥር ብርሃኑ በዓይን መሃል ብቻ ስለሚያልፍ የአስቲግማቲዝሙ ጉዳት ይቀንሳል። በከፍተኛ ማጉላት መነጽር ማውለቅ የሚቻለውም ለዚህ ነው፤ ችግሩ የሚብሰው በ25 ሚሊሜትሩ ነው። ይህን ያህል ጠቃሚ ነገር በጥቂት መስመር የጻፈ ሌላ ሰው በውይይቱ ውስጥ የለም።

ከ9 እስከ 11 ያሉት መልሶች የባርሎው ሌንስ ሙግት ናቸው። 9ኛው ደጋፊ ነበር። ይህ ጎድጓዳ ሌንስ በእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ በፒተር ባርሎው ስም የሚጠራና ከ1830ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፣ ወደ አይፒሱ የሚሰበሰበውን ብርሃን ቀስ ብሎ እንዲሰበሰብ በማድረግ የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት ያረዝማል። ሁለት እጥፍ ባርሎው ሲገባ 650ው 1,300 ይሆናል፤ 25 ሚሊሜትሩ 52 እጥፍ፣ 10 ሚሊሜትሩ 130 እጥፍ ያጎላሉ፣ ዓይንም እንደ ትንሽ አይፒስ መጨነቅ አይኖርበትም። የዚህ ዓይነት ፈጣን የሚባል መስታወት፣ ማለትም የትኩረት ርቀቱ ከስፋቱ አንጻር አጭር የሆነ፣ ብርሃኑን በሰፊ ማዕዘን ስለሚልክ ተራ አይፒሶች በዳር በኩል ኮከቦቹን ያዛባሉ፤ ባርሎው ማዕዘኑን ስለሚያጠብብ እነርሱም የተሻለ ይሠራሉ። የአንዳንዶቹን ሌንስ ከቱቦው ፈትቶ በቀጥታ ከአይፒሱ ሥር ማጥበቅ ስለሚቻል ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል፤ በዚህ ዘዴ 10 ሚሊሜትሩ 97 እጥፍ ያህል፣ 25 ሚሊሜትሩ 39 እጥፍ ያህል ይሰጣሉ። ሁለት አይፒስና አንድ ባርሎው ያለው ሰው ስድስት የማጉላት ደረጃዎች አሉት ማለት ነው።

10ኛው ተቃወመ። ከቴሌስኮፕ ጋር በነጻ የሚሰጡት ባርሎዎች ብዙ ጊዜ ባለ አንድ ሌንስና ፕላስቲክ ናቸው፤ ምስሉን ያደበዝዛሉ፣ በደማቅ ነገር ዙሪያም የቀለም ጠርዝ ያመጣሉ። መስታወት ላይ መስታወት መጨመር ብርሃን ማባከን እንደሆነም አከለ። 9ኛው በ11ኛው መልስ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ ስለታም ነበር። ስለ ፕላስቲኩ ባርሎ እንዳላወራ፣ ሁለት ሌንስ ተጣብቀው የተሠሩትን አክሮማቲክ የሚባሉትን እንዳለ፣ ተቃዋሚው ጽሑፉን ሳያነብ እንደመለሰ ገለጸ፤ በጥሩ ሽፋን የተቀባ ሌንስ የሚያባክነው ብርሃን ዓይን የማይለየው እንደሆነም ተናገረ። ክርክሩ ሲቀዘቅዝ ሁለቱም ያልተናገሩት ነገር ነበር፤ ባርሎ ያለውን አይፒስ ጉድለት አያድነውም። ከቴሌስኮፕ ጋር የሚመጣው 10 ሚሊሜትር አብዛኛውን ጊዜ ከሣጥኑ ዕቃ ሁሉ ደካማው ነው፤ ደካማውን ሌንስ በሁለት ማባዛት ደካማነቱንም ያጎላዋል። ለጠያቂው ባርሎ ጠቃሚ የሚሆነው ከጎኑ አንድ የተሻለ አይፒስ ሲኖር ነው።

ስለ ዙም አይፒሱ የተጻፈው አጭር ነው። 12ኛው ተሳታፊ በሐዋሳ ለተማሪዎች ሰማይ የሚያሳይ ሲሆን፣ አርባ ልጅ በሰልፍ ቆሞ እያለ በጨለማ አይፒስ መቀያየር አድካሚ ስለሆነ ዙም ለእርሱ ሥራ የሚመቸው እንደሆነ ተናገረ። 13ኛው በአክብሮት አስተካከለው፤ በእነዚህ ዙሞች 24 ሚሊሜትር ላይ የእይታ ስፋቱ ወደ 40 ዲግሪ ስለሚጠብ፣ ሰፊ እይታ በሚፈለግበት ጊዜ ጠባብ ይሆናል። 8 ሚሊሜትሩ ደግሞ በዚህ ቴሌስኮፕ 81 እጥፍ ብቻ ነው፤ ለጁፒተር ባርሎ መጨመሩ አይቀርም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ለመምህር የሚስማማው ለብቻው ለሚመለከት ሰው ላይስማማ ይችላል።

በ14ኛው መልስ እኔ ገባሁ። እስከዚያ ድረስ ማንም ያላነሣው መቆሚያው ነበር። የጠያቂው መቆሚያ ሞተር የለውም፤ ሰማዩ ደግሞ በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ይዞራል። በ130 እጥፍ የእይታ ስፋቱ 50 ዲግሪ የሆነ አይፒስ የሚያሳየው የሰማይ ስፋት፣ 50ው ለ130 ሲካፈል፣ ወደ 0.38 ዲግሪ ነው፤ ጁፒተር ያንን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ደቂቃ ተኩል ያቋርጠዋል። በ490 እጥፍ ቢሆን ከ25 ሰከንድ ገደማ በኋላ ይጠፋል፤ በእጅ ተነክቶ የሚናወጠው ቱቦ እስኪረጋ ድረስ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ የእይታ ስፋት ለእንደዚህ ያለ መቆሚያ ቅንጦት አይደለም። ሰፊ እይታ ያለው አይፒስ የሚፈልጉ ሰዎች ባለውለታ አል ናግለር ነው፤ ለአፖሎ ጠፈርተኞች ማሠልጠኛ የእይታ መሣሪያዎችን ሲነድፍ ቆይቶ፣ በኋላ ባለ 82 ዲግሪውን አይፒስ አወጣ። የእርሱ ሌንሶች ዋጋ ከጠያቂው በጀት ይበልጣል፤ ሆኖም በወርቃማ መስመራቸው የሚታወቁት ባለ 66 ዲግሪ አይፒሶች በ6 እና በ9 ሚሊሜትር በርካሽ ይገኛሉ። 6 ሚሊሜትሩ 108 እጥፍ ያጎላል፣ የብርሃን ዓምዱ 1.2 ሚሊሜትር ነው፤ መምህርቷ በ1ኛው መልስ ካሉት ልክ ውስጥ ይገባል። ጁፒተርም በእርሱ ውስጥ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይቆያል። ሐሳቤ ይህ ነበር፣ አሁንም አልተለወጠም።

15ኛው መልስ የ5ኛውን ጥያቄ ያነሣው ብቸኛው ነው። ጸሐፊው ቀዝቀዝ ባለ ቃል፣ እስካሁን ሁሉም ሰው ሌንስ ለመሸጥ የተቻኮለ ይመስላል፣ መስታወቶቹ መስተካከላቸውን የጠየቀ ግን የለም አለ። ከሜሪላንድ አዲስ አበባ በሻንጣ የተጓዘ ባለመስታወት ቴሌስኮፕ ዋናውና ሁለተኛው መስታወቱ ከመስመር ሊወጡ ይችላሉ፤ በዚህ ዓይነት ፈጣን መስታወት ላይ ትንሽ መዛባት እንኳ የፕላኔትን ዝርዝር ሁሉ ያጠፋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ ደማቅ ኮከብ በ10 ሚሊሜትሩ በእይታው መሃል ይደረግና ትኩረቱ ሆን ተብሎ ይበላሽ፤ የሚታየው የብርሃን ክብ በውስጡ ጥቁር ጥላ ይኖረዋል። ጥላው በመሃል ካለ መስታወቶቹ ደህና ናቸው፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ በቱቦው ኋላ ያሉትን ሦስት ብሎኖች ጥቂት በጥቂት እያዞሩ ወደ መሃል መመለስ ነው። ይህ እስኪደረግ ድረስ አንድም ዶላር መውጣት የለበትም አለ። ለሁላችንም የተነገረ ወቀሳ ነበር፤ የሚገባም ነበር።

16ኛው ከጉዳዩ ወጣ ያለ ቢመስልም ዝም ሊባል የማይገባ ማስጠንቀቂያ ነው። በ2ኛው መልስ የተጠቀሱት ዓይነት አሮጌ ትንንሽ ቴሌስኮፖች አንዳንዴ ከአይፒሱ ሥር የሚጠብቅ ጥቁር የፀሐይ ማጣሪያ ይዘው ይመጣሉ። ይህ ማጣሪያ የፀሐይ ብርሃን በአንድ ነጥብ በሚሰበሰብበት ቦታ ስለሚቀመጥ በሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት ዓይን ለዘለቄታው ይጠፋል። በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ አካባቢ የቀለበት ግርዶሽ በታየ ጊዜ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ሊጠቀም ያሰበ ሰው እንደገጠመው ጸሐፊው ተናገረ። ለፀሐይ የሚያገለግለው በቱቦው ፊት፣ ብርሃኑ ከመግባቱ በፊት፣ ሙሉውን አፍ የሚሸፍን ማጣሪያ ብቻ ነው። የጠያቂው ወዳጅ ካርቶኑን ይፈትሽ፤ ያ ጥቁር ብርጭቆ ካለ ማንም ልጅ እንዳያገኘው ተሰብሮ ይጣል።

በ17ኛው መልስ ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ኮከቡን ፈትኖ ጥላው በግልጽ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ እንዳገኘው፣ ብሎኖቹን ቀስ በቀስ አስተካክሎ ቱቦውንም በግቢው ሣር ላይ አቀዝቅዞ ሲያይ፣ በዚያው በ65 እጥፍ የጁፒተር ሁለት መቀነቶች እንደታዩት ጻፈ። ስለ 490 እጥፍ ከዚያ በኋላ አላነሣም። ሣጥኑንና ዙሙን ትቶ፣ ባለ 66 ዲግሪ 6 ሚሊሜትር አይፒስና ሌንሱ የሚፈታ ሁለት እጥፍ አክሮማቲክ ባርሎ እንዲመጡለት እንደወሰነ፣ ሁለቱም በበጀቱ ውስጥ እንደሚሆኑ ገለጸ። ለ15ኛው ጸሐፊ የተለየ ምስጋና አቀረበ። ወላጆቹ መነጽር የሚያደርጉ ስለሆነ የአዛውንቱን ምክር እንዳነበበላቸውም ጨመረ።

18ኛው መልስ የ2ኛው ጸሐፊ ነው፤ አሁንም አጭር ጻፈ። እህቱ ስትገዛ የአይፒሱ አንገት ውፍረት 1.25 ኢንች መሆኑን እንድታረጋግጥ፣ ባለ 2 ኢንቹ በዚህ ቱቦ እንደማይገባ፣ በአሮጌዎቹ የገበያ ቴሌስኮፖች ላይ የነበረው 0.965 ኢንችም እንደሚላቀቅ አሳሰበ። ዕቃው በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁን አለ።

በ19ኛው መልስ መምህርቷ አዲሱን ጥምረት እንዴት መሞከር እንደሚገባ ጻፉ። ሁልጊዜ በ25 ሚሊሜትሩ ይጀመር፤ ፈልጎ ማግኘት የሚቻለው በሰፊው እይታ ነውና። ጁፒተር በዚያ ወቅት በጀሚኒ የኮከብ ስብስብ ውስጥ ስለነበር፣ ከአጠገቡ የነበረው ካስተር የተባለው ኮከብ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ በዓይን አንድ ቢመስልም በቴሌስኮፕ ከ5 ቅስት ሰከንድ በጥቂት የሚበልጥ ርቀት ያላቸው ሁለት ኮከቦች ናቸው። በ108 እጥፍ ሁለቱ በመካከላቸው ጥቁር ክፍተት ኖሮ እንደ ሁለት የጠሩ ነጥቦች ከታዩ አየሩ የረጋ ነውና ባርሎው ገብቶ እስከ 217 እጥፍ መሞከር ይቻላል። የሚያብጡና የሚንቀጠቀጡ ከሆነ ግን በዚያ ሌሊት 6 ሚሊሜትሩ ለብቻው ይቆይ፣ ባርሎውም ከ25 ሚሊሜትሩ ጋር ሆኖ የኦሪዮንን ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) በ52 እጥፍ ያሳይ አሉ።